ድሬዳዋ ላይ ሴራሚክ ስናስነጥፍ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በመኪና ድሬዳዋ የሚገባ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቀዋል። አዳማን፣ መተሐራንና አዋሽን ካለፉ በኋላ በሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ ዳገት ይወጣሉ፤ ሂርናን፣ ቁልቢን ይዘው ደንገጎ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ድሬ ይወርዳል። ቁልቢ ላይ የለበሱትን ሹራብ ቁልቁለቱ መሀል ላይ ያወልቁታል፤ ታች ሲደርሱ ነጠላውም ይከብዳል።

በዚህ መንገድ የሄድኩት ለእረፍት አልነበረም። ድሬ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዕቁብ ወጣላትና ቤቷን ልታሳድስ ተነሳች። እናታችን የምትኖረው ከእሷ ጋር ነው። ዕድሜዋ 84 ነው፤ በከዘራ ትሄዳለች፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። እህቴ "ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ እማዬን የሚይዝልኝ የለም" ስትለኝ፣ ጡረተኛ ነኝና ሻንጣዬን አነሳሁ። ሦስት ሳምንት የተባለው ሥራ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ጊዜ ያየሁት ለሌላም ቤት፣ በተለይ አያት ላለበት ቤት ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሀዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ታች ሜዳው ላይ ቆመና እ.ኤ.አ. በ1902 በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ ላይ ስሟ "አዲስ ሐረር" ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶቹና ጥላ የሚሰጡት ዛፎቹ የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። የድሬ ሰው ከቀትር በኋላ ከፀሐይ ጋር አይጋፋም፤ ቤቱ ይሰበሰባል። ብዙ ጊዜም ምንጣፍ ወይም ፍራሽ አንጥፎ ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጆች ደግሞ ምንጣፉንም ትተው ባዶው ወለል ላይ ሆዳቸውን ለጥፈው ይተኛሉ፤ ይቀዘቅዛላ! እዚህ ከተማ ወለል ራሱ አንድ የቤት ዕቃ ነው።

የእህቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ቤት ውስጥ፣ የባለቤታቸው አባት ያስነጠፉት የቆየ የሲሚንቶ ንጣፍ አለ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አንዱም አልተነሳም። የእህቴ ቤት ግን ሳሎኑ የተሰነጣጠቀ ሊሾ ነበር። ባኞ ቤቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ ነጭ አብረቅራቂ ሴራሚክ አልብሶታል፤ ውሃው ወደ መውረጃው በመሄድ ፈንታ መቀመጫው ሥር ይተኛል። እማዬ በዚያ ውሃ ላይ በፕላስቲክ ጫማ ነው የምትረግጠው። ከአውቶቡስ የወረድኩ ቀን ማታ ይህንን አይቼ፣ እንቅልፍ በቶሎ አልወሰደኝም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። በአጥንት ክፍል ውስጥ የተኙ አዛውንቶችን "ምን ሆነው ነው?" ብዬ ስጠይቅ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነበር፦ "ሽንት ቤት ስገባ አዳለጠኝ።" ወጣት ሲወድቅ ይነሳል። የ80 ዓመት ሰው ሲወድቅ ግን የጭኑ አጥንት ከዳሌው መጋጠሚያ ላይ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው አልጋ ነው። አልጋው የጀርባ ቁስል ያመጣል፤ ሳንባ ምች ያመጣል፤ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ስብራቱ ተጠግኖም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይሄዱም። ስለዚህ ሰው "ሴራሚክ ተበላሸብኝ፣ ከሰርኩ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብሩ ሳይሆን ስለሚረግጠው ሰው ነው።

ዕቃ ልንገዛ በወጣን ቀን እህቴ የምትፈልገውን አስቀድማ ታውቅ ነበር፦ ፊት የሚያሳይ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና የእማዬን የፕላስቲክ ጫማ ይዤ ነበር። ባለሱቁን ፈቃድ ጠይቄ የምናየውን ሴራሚክ መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ውሃ አፈሰስኩበትና ጫማውን አድርጌ፣ የሱቁን ጠረጴዛ በእጄ ይዤ ረገጥኩት። እግሬ ሄደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ባለሱቁ እየሳቀ "አቦ ሲስተር፣ ሴራሚኩን ልታክሚው ነው እንዴ?" አለኝ። (የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የሚለው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ በሳምንቱ ግን ይናፍቀዋል።) አራተኛው ሻካራ ፊት ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነበር። እሱ ላይ እግሬ ቆመ።

ይህንን ለመለየት በፋብሪካ የሚሰጥ ምልክትም አለ። በብዙ የወለል ሴራሚኮች ካርቶን ወይም መግለጫ ላይ "አር" ከሚለው የላቲን ፊደል ጋር 9፣ 10፣ 11 እያለ የሚሄድ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማዳለጡ ይቀንሳል። 9 ለደረቅ ክፍል ነው፤ ውሃ ለሚነካው ወለል 10ና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ቁጥሩ ከሌለ የውሃ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ አይዋሽም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር ደግሞ የግድግዳውን ለወለል መግዛት ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ቀለል ያለ፣ ውሃ የሚመጥጥ ነው፤ ወለል ላይ ከዋለ ድስት ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። ጀርባውን ገልብጣችሁ ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ቶሎ ከጠጣው ለግድግዳ ነው። ፖርሴሊን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ግን ጠብታውን እንዳለ ያቆየዋል። ይህ ልዩነት ሲነጠፍም ይመጣል፤ የቀድሞ ሠራተኞች ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ነክረው በሲሚንቶና በአሸዋ ያጣብቁ ነበር፤ ውሃ ለሚመጥጠው ዓይነት ያ ይሠራል። ፖርሴሊን ግን ስለማይመጥጥ ተራው ሲሚንቶ በደንብ አይዘውም። በከረጢት የሚሸጠውን የሴራሚክ ኮላ ይፈልጋል። እህቴ ኮላው ተጨማሪ ወጪ ሆኖባት "እንደ ድሮው በሲሚንቶ ቢሠራስ?" ብላ ነበር። ሴራሚኩ ርካሽ ቢሆን ኖሮ እሺ እላት ነበር።

ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። ሳሎኑ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ 20 ካሬ። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው አሥር በመቶ ሲጨመር 22 ካሬ። 60 በ60 የሆነው ሴራሚክ በአንድ ካርቶን አራት ሲሆን 1.44 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 16 ካርቶን። ሰያፍ ለሚያስነጥፍ ደግሞ 15 በመቶ መጨመር ይሻላል፤ ቁርጥራጩ ይበዛል። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። ከዋጋው ይልቅ የካርቶኑን ጎን እዩ። የቀለሙ ስሪትና የልኩ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ የሁሉም ካርቶን ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የእኛ 16 ካርቶን መኪና ላይ ሲጫን ሁለቱ ቁጥራቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ ወተት፣ አንዱ ቅቤ ይመስላል። ባለሱቁ ያለ ጭቅጭቅ ቀየረልን። ከተነጠፈ በኋላ ቢሆን ማን ይቀይራል?

ቤት ስንመለስ ባለሙያው ያመጣው ሐሳብ ለጆሮ ጥሩ ነበር፦ "የባኞ ቤቱን አሮጌውን ሳንነቅል ከላይ እንደርብበት፤ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል።" ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከላይ የተደረበ ሴራሚክ የታችኛውን በሽታ ይወርሳል። በሳንቲም አሮጌውን እያንኳኳሁ ዞርኩ። የያዘው "ጥቅ" ይላል፤ ያልያዘው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ደግሞም ከተደረበ ወለሉ ከፍ ይላል፤ በሩ አይዘጋም፤ መግቢያው ላይ እርከን ይፈጠራል። ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የሚሄድን ሽማግሌ የሚጥለው ያቺ የሁለት ጣት እርከን ናት። ውሃው የሚተኛውም ከላይ ባለው ሴራሚክ ጥፋት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ስክሪድ ተዳፋት የለውም።

"ይፈረስ" አልኩ። እህቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። የዕቁቡ ብር ለኩሽና ቁም ሳጥንም ታስቦ ነበር፤ ባኞ ቤቱን ማፍረስ ማለት ቁም ሳጥኑን መተው ማለት ነው። ያን ቀን ምሳ ስንበላ ብዙም አልተነጋገርንም። እማዬ ግን ከአልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ "ቁም ሳጥኑ እኔ ስሞት ይገዛል" አለች። እህቴ ሳቀች፤ ተናደደችም፤ ማታ ላይ ለባለሙያው ደውላ "አፍርሰው" አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማንም እንግዳ የማያየው ነው። አሮጌው ተነቀለ። አዲሱ ስክሪድ ወደ መውረጃው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ፈሰሰ። ሲጠና ባለሙያው በውሃ ልክ አሳየኝ፤ እኔ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ ጥጉ ላይ ደፋሁና ቆሜ ጠበቅሁ። ሁሉም ወረደ። በሚገባ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ መከላከያው ወለሉ ላይና ግድግዳው እግር ላይ ተቀባ፤ መውረጃው ተደፍኖ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ከሌሊት አደረ። ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ግራውት ውሃ ያግዳሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ አያግዱም። ውሃውን የሚያቆመው ከሥር ያለው ቅብ ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ይህንን ካላደረጋችሁ፣ ወጪው የእናንተ ብቻ ሳይሆን የታች ጎረቤታችሁ ኮርኒስ ጭምር ነው።

እማዬ የምትይዘው የእጅ ብረትም የተወሰነው ግድግዳው ባዶ እያለ ነው። ቁመቱን ለማወቅ ወንበር አስቀመጥን፤ እሷን አስቀምጠን "ስትነሺ እጅሽ ወዴት ይሄዳል?" አልናት። እጇ የሄደበትን በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ባለሙያውም ቦታው ላይ ያለውን ክፍት ብሎኬት በሲሚንቶ ሞላው። ከተለጠፈ በኋላ ሴራሚክ በስቶ ባዶ ብሎኬት ላይ የተተከለ ብረት ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል። እንደዚያ ያለ ብረት ከሌለው ይከፋል፤ ሰው አምኖት ይደገፈዋል።

የሳሎኑን ስክሪድ ባለሙያው በሦስተኛው ቀን ሊነጥፍበት ፈልጎ ነበር። በድሬ ሙቀት ላዩ በሦስት ቀን ነጭ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እያገኘ ስለሆነ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ አጠጣነው፤ ከዚያ ደግሞ እስኪደርቅ ጠበቅን። ሦስቱ ሳምንት ስድስት የሆነው በዚህ ነው።

ከጥበቃው ቀናት በአንዱ እማዬን ይዘን ሐረር ወጣን። ደንገጎን መልሶ ወጥቶ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ መሄድ ነው። ከግንቡ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የሆነ አንድ የአደሬ ቤት ገባን። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ውስጡ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። መደቦቹና ወለሉ ቀይ ናቸው። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። እማዬ ዝቅተኛው መደብ ላይ አረፍ ብላ ዙሪያውን አየችና "ጫማ የሚወልቅበት ቤት ጥሩ ነው፤ ሰው ወለሉን አይቶ ይገባል" አለች።

ንጣፉ ሲጀመር ሰዓቱን ባለሙያው ራሱ መረጠ፤ ከንጋት እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ። ቀትር ላይ ኮላው ገና ሳይነጠፍበት ላዩ ይደርቃል፤ የደረቀ ኮላ ደግሞ ያስቀምጣል እንጂ አይዝም። ኮላውን በጥርስ ባለው ማንኪያ ሙሉ ለሙሉ ነው የሚያሰራጨው። አንዳንዱ ሠራተኛ በአራት ጥግና በመሀል ጉብ ጉብ አድርጎ ይጫናል፤ ያኔ በመካከል ያለው ባዶ ነው፤ የፍሪጅ እግር ሲያርፍበት ይሰበራል። በሴራሚኮቹ መካከል ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ከዚያ ሰፋ ያለ ክፍተት ተተወ፤ የግድግዳውን ዙኮሎው ይሸፍነዋል። እህቴ "ገጥመህ ሥራው፣ መስመሩ አይታየኝ" ብላው ነበር። ሴራሚክ ግን በሙቀት ይለጠጣል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። በዚያው ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የሳሎን ሴራሚክ ቀን በቀን እንደ ጥይት ጮኾ መሀሉ እንደ ድንኳን ተነስቷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

የሠራተኞቹንም ጤና አትርሱ። ረዳቱ ልጅ ቁምጣ ለብሶ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ይውል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ተላጠ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ረጅም ሱሪና ጓንት ከባለቤቱ ቢገዛ አያከስርም። ግራይንደሩም ቤት ውስጥ በደረቁ አቧራ እያስነሳ ሲቆርጥ አቁሙት፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ውጭ ወጥቶ፣ በውሃ ይቁረጥ።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሲሚንቶውን ጠባሳ ለማስለቀቅ አሲድ ይመጣል። አሲዱ ግራውቱን ይበላዋል፤ እብነ በረድ ላይ ከፈሰሰ ያበላሸዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አሲድና በረኪና አንድ ላይ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ባኞ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ "በደንብ እንዲጠራ" ብላ ሁለቱን የቀላቀለች ሴት ትንፋሽ አጥሯት ስትመጣ ተቀብያለሁ። በአንድ ቀን ሁለቱን አትጠቀሙ፤ ለቤት ሠራተኛችሁም አስረዱ።

ድሬ ላይ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ጥቁር አብረቅራቂ ሴራሚክ በዚህ ውሃ ሲታጠብ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ፈዛዛው ግራጫ አያሳይም፤ እህቴ ባኞ ቤቱን በመጨረሻ የወደደችው በዚህ ነው። ሳሎኑን ግን አልለቀቀችልኝም። "እንግዳ የሚገባው እዚያ ነው፤ እሱን ተይልኝ" አለች፤ የሚያብረቀርቀውን ነጭ አስነጠፈች። ከእማዬ መኝታ እስከ ባኞ ቤት ያለው መተላለፊያ ግራጫው ስለሆነ ዝም አልኩ። አሁንም አልወደድኩትም።

አንድ የቀረን የውጭ በር ደፍ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ፣ እህቴ ደፏን ከፍ አድርጋ ነው የምትኖረው። ዝቅ ይደረግ ብሎ ማን ደፍሮ ይነግራታል? ደፉ ባለበት ቀረ፤ ከውስጥም ከውጭም ሻካራ ተዳፋት ተሠራለት፤ የደፉ ጫፍ ሌሊት እንዲለይ በቀይ ሴራሚክ ቁራጭ ተከረከመ።

ከ16ቱ ካርቶን አንዱ ሳይከፈት ተረፈ። ባለሙያው ሊገዛን ጠይቆ ነበር፤ እህቴ እምቢ አለች። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሴራሚክ ቢሰበር ያ ስሪት ገበያ ላይ አይገኝም። ካርቶኑን ከእማዬ አልጋ ሥር ገፋነው፤ ቁጥሩን እህቴ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ባለፈው ሳምንት ስደውል ከእማዬ ጋር ተጣልተው ነበር፤ እማዬ ካርቶኑን በከዘራዋ እየሳበች አውጥታ እግሯን ታሳርፍበታለች።